በ59 ዓመቴ ሞተር ሳይክል ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ከሐዋሳ ወደ ይርጋለም ለመመላለስ ምክር እጠይቃለሁ

ጥያቄ
ነባር ያማሃ (ሐዋሳ)፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ዕድሜዬ 59 ዓመት ነው፤ ከአሥር ወር በኋላ 60 ሲሞላኝ በሕጉ መሠረት ከመንግሥት ሥራ በጡረታ እሰናበታለሁ። የምኖረው ሐዋሳ ሲሆን፣ ባለቤቴ ከወላጆቿ የወረሰችው አንድ ሄክታር የማይሞላ የቡናና የእንሰት ማሳ ከይርጋለም ከተማ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ይገኛል። እስከ ዛሬ ዘመድ ሲጠብቅልን ቆይቶ እኛ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ብቅ እያልን ስናየው ኖረናል። ቡናው አርጅቷል፣ መጎንደል ይፈልጋል፣ ጥላውም በዝቶበታል። ጡረታ ስወጣ ምን እንደምሠራ ስለማውቅ በዚያ በኩል ጭንቀት የለብኝም፤ የከበደኝ እንዴት እንደምመላለስ ነው።

ከሐዋሳ እስከ ይርጋለም ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሚኒባስ እስከ አፖስቶ መገንጠያ ወይም እስከ ከተማው ድረስ መሄድ አይቸግርም፤ ከከተማው በኋላ ያለው የጥርጊያ መንገድ ግን ባጃጅ የሚገባበት በደረቁ ወራት ብቻ፣ ያውም ሹፌሩ ከፈቀደ ነው። በዝናብ ጊዜ በእግሬ ስሄድ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል፣ ስመለስም እንዲሁ። ስለዚህ ሞተር ሳይክል ገዝቼ ከቤቴ በር እስከ ማሳው ድረስ በሳምንት ሦስት ቀን ልመላለስ አስቤያለሁ።

ሞተር ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1981 ዓ.ም. በግብርና ባለሙያነት ስቀጠር መሥሪያ ቤቱ ያማሃ ኤጂ 100 አስረክቦኝ ነበር። ያችን ሞተር የነዳት ሁሉ ያስታውሳታል፦ ባለ ሁለት ምት፣ ካቴናዋ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ ያላት፣ ተዳፋት ላይም ብትቆም በግራም በቀኝም መቆሚያ የተሠራላት ናት። ምርጥ ዘርና የቡና ችግኝ እየጫንኩ ለ11 ዓመት የሲዳማን ቀበሌዎች ዞሬባታለሁ፤ አንድም ቀን አጥንቴ ሳይሰበር በ1992 ዓ.ም. ወደ ቢሮ ሥራ ስዛወር መልሼ አስረከብኳት። ከዚያ ወዲህ ሃያ አምስት ዓመት ሞተር ላይ አልተቀመጥኩም።

ባለቤቴ ሐሳቡን አልተቀበለችውም። ታላቋ ልጄም «አባዬ፣ ያኔ የነበረው መንገድና ዛሬ ያለው መንገድ አንድ አይደለም» ትለኛለች፤ እውነቷን እንደሆነ አውቃለሁ። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ለማንበብ መነጽር አደርጋለሁ፣ የቀኝ ጉልበቴም ደረጃ ስወርድ ያመኛል። ይህን ሁሉ ሳልደብቅ የጻፍኩት ለማጽናናት ብላችሁ ሳይሆን እውነቱን እንድትነግሩኝ ነው። በዚህ ዕድሜ መጀመር ተገቢ ነው ወይ? ተገቢ ከሆነስ ምን ዓይነት ሞተር ልግዛ፣ አሮጌ ከገዛሁስ ምኑን ልመልከት?

መልስ 1
የጋራዡ ሰው (ሐዋሳ)፦

ጋሼ፣ ጡረታዎ የሰላምና የጤና ይሁንልዎ። ሞተር መጠገን ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆኖኛል፤ ስለ ጤናው የሚያውቁ ሰዎች ይመልሱልዎታል፣ እኔ ስለ ሞተሩ ብቻ እናገራለሁ።

በመጀመሪያ፣ ትዝታው ይዞዎት ኤጂ 100 ፍለጋ እንዳይደክሙ እለምንዎታለሁ። በጥሩ ሁኔታ ያለች ኤጂ በእጁ ያለችው ሰው አይሸጣትም፤ ገበያ ላይ የሚያገኟት ሲሊንደሯ ደጋግሞ በቶርኖ የሰፋ፣ ፒስቶኗ ከሌላ ሞተር የመጣ፣ ዘይት መርጫ ፓምፗ ተነቅሎ ዘይቱ ከቤንዚን ጋር በእጅ እየተቀላቀለ የምትነዳ ትሆናለች። ለእርስዎ የሚስማማው ባለ አራት ምት፣ ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆነ፣ በጣት ተጭነው የሚያስነሱት ሞተር ነው። የቀኝ ጉልበትዎ እንደሚያምዎት ጽፈዋል፤ በእግር ተረግጦ የሚነሳ ሞተር አንዳንድ ጊዜ መርገጫውን ወደ ላይ መልሶ ይመታል፣ የታመመ ጉልበት ደግሞ ያን አይችልም። የሕንድ ሥሪት የሆኑትን ሞተሮች፣ ባጃጅ ቦክሰርም ሆነ ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስ ቢይዙ በይርጋለምም ሆነ በዲላ መለዋወጫ አያጡም፣ የሚጠግን ልጅም አያጡም፤ ለገጠር መንገድ ከፍጥነትና ከመልክ ይልቅ ይህ ነው የሚጠቅመው።

ከኤጂ ወደ ባለ አራት ምት ሲሸጋገሩ ሁለት ነገር ይለወጥብዎታል። አንደኛ፣ ዘይቱ ከታች በሞተሩ ውስጥ የሚኖር እንጂ እየተቃጠለ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ በየጊዜው ደረጃውን ማየትና በአምራቹ መመሪያ መሠረት መቀየር አለብዎት። የኤጂ ልማድ ይዘው ይህን የዘነጉ ሰዎች ሞተራቸውን አንቀው አምጥተውልኛል። ሁለተኛ፣ ባለ አራት ምት ሞተር ቤንዚኑን ሲለቁት ራሱ ይይዛል፤ ቁልቁለት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ቢወርዱ ፍሬኑን ብዙ ሳያስጨንቁ ይወርዳሉ። ኤጂ ይህ ኃይል በጣም አነስተኛ እንደነበር ያስታውሱ ይሆናል።

አሮጌ ለመግዛት ከወሰኑ ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ይንገሩት፤ ደርሰው እጅዎን ወደ ሞተሩ ጠጋ ሲያደርጉ ሙቀት ከተሰማዎት የሚደበቅ ነገር ሊኖር ይችላል። ቀዝቅዞ ሳለ ያስነሱት። ባለ አራት ምት ሆኖ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው፣ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ወይም የቫልቩ መምሪያ አልቋል ማለት ነው። ካቴናው የሚዞርበት ጥርስ እንደ መንጠቆ ከተቆለመመ መላው ይቀየራል፣ ያን ከዋጋው ያስቀንሱ። የፊት አሞርዛተሩ ላይ ዘይት ካዩ የዘይት መያዣ ጎማው ተቀዷል። የፊት ጎማውን አስነሥተው መሪውን ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ሲያዞሩት መሐል ላይ የሚይዝ ነገር ከተሰማዎት የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። ከዚያ አንድ ሰው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንዲነዳልዎ አድርገው ከኋላ ቆመው ይመልከቱ፤ የፊቱና የኋላው ጎማ በአንድ መስመር የማይሄዱ ከሆነ ሻንሲው የተጣመመ ስለሆነ በነፃ ቢሰጥዎትም አይውሰዱት።

ጎማውን ጥርሱን ብቻ አይተው አይለፉት። በጎኑ ላይ አራት አሐዝ ያለው ቁጥር አለ፤ 2319 የሚል ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ያልተነካ ነገር ግን ብዙ ዓመት ፀሐይ ላይ የቆመ ጎማ ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ስለሚሆን እርጥብ አስፋልት ላይ ያንሸራትታል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በዓይንዎ ያመሳክሩ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ። ከቀረጥ ነፃ ለድርጅት የገባ ሞተር ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም ማዛወር አይቻልም፤ ከገዙ በኋላ ይህን ያወቁ ደንበኞቼ ገንዘባቸው በግቢ ውስጥ ቆሞ ዝጓል። ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ሳይፈራረሙ ገንዘብ አይስጡ። የመኪና መንጃ ፈቃድ ቢኖርዎት እንኳ ለሞተር ሳይክል የራሱ ምድብ ስላለ የድሮው ፈቃድዎ ዛሬም የሚያገለግል መሆኑን አስቀድመው ያጣሩ። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ሌላውን ሰው እንጂ እርስዎንና ሞተርዎን አይክስም።

መልስ 2
ሲስተር ከድንገተኛ ክፍል፦

አባቴ፣ በድንገተኛ ክፍል ለብዙ ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ሞተር አይንዱ አልልዎትም፤ ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ቀን ለራስዎ ምርመራ ይመድቡ።

ከዓይን ይጀምሩ። ለማንበብ መነጽር ማድረግዎ ለመንዳት ብዙም አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ሳይታወቅ የሚመጣው ነው። የዓይን ሞራ ሲጀምር ሰው በቀን ደህና ያያል፣ ከፊቱ የሚመጣ የመኪና ፓራውልት ሲያርፍበት ግን ለጥቂት ሴኮንድ ይታወራል። ግላኮማ ደግሞ ሕመም ሳይኖረው የጎን እይታን ቀስ በቀስ ያጠብባል፤ ከቀኝ መጋቢ መንገድ የሚወጣውን ባጃጅ የሚያዩት በዚያ የጎን እይታ ነው። ሐኪሙን የዓይን ግፊትዎን እንዲለካና የጎን እይታዎን እንዲፈትሽ በግልጽ ይጠይቁት፤ ፊደል ብቻ አንብበው አይመለሱ።

የደም ግፊት መድኃኒትዎን ስም አልጻፉም። አንዳንዶቹ ከተቀመጡበት ሲነሱ ራስ ያዞራሉ፣ በተለይ መድኃኒቱ በተጀመረበትና መጠኑ በተጨመረበት ሰሞን። በእርስዎ ዕድሜ ለፕሮስቴት የሚታዘዘው ታምሱሎሲንም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሰው ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር ሞተር ላይ መውጣት የለበትም። ለጉንፋንና ለአለርጂ ያለ ማዘዣ የሚገዛው ክሎርፌኒራሚን እንቅልፍ ስለሚያመጣ በወሰዱበት ቀን አይንዱ። የስኳር ሕመም ኖሮብዎ ከሆነ የእግርዎን ስሜት ያስፈትሹ፤ የደነዘዘ እግር ፍሬኑን ምን ያህል እንደረገጠው አያውቅም።

አሁን ስለ መውደቅ ልንገርዎት፣ ምክንያቱም ሥራዬ የወደቁትን መቀበል ነው። የሃያ ዓመት ልጅና የስድሳ ዓመት ሰው በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ቦታ ቢወድቁ የሚመጡልኝ እኩል ሆነው አይደለም። ሁለት የጎድን አጥንት የተሰበረ ወጣት ማስታገሻ ወስዶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ትልቁ ሰው ግን ከሕመሙ የተነሣ እንደ ልቡ መተንፈስና ማሳል ስለማይችል አክታው ሳንባው ውስጥ ይቀርና በሦስተኛው በአራተኛው ቀን የሳንባ ምች ይይዘዋል፤ የገደለው መውደቁ ይመስላል፣ የገደለው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ጭንቅላቱን ቀላል የምትመስል ምት ቢመታ እንኳ ውስጥ ውስጡን ሊደማ ይችላል። ስለዚህ ቢወድቁና ምንም አልሆንኩም ብለው ቢነሡም ለቤተሰብ ይናገሩ፣ በዕለቱም ይታዩ።

ሄልሜትን በተመለከተ፣ ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ሄልሜት በሞተር አሽከርካሪ ላይ የሚደርሰውን ሞት በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ይህ የሚሆነው ማሰሪያው አገጭ ሥር በትክክል ሲታሰር ነው። አናት ላይ ብቻ የሚቀመጠውን ሳይሆን አገጭንም የሚሸፍነውን ይግዙ፤ የተሰበረ መንጋጋ ይዘው የሚመጡት አብዛኞቹ ፊታቸው የተገለጠ ነው። አድርገው ራስዎን ሲነቀንቁ የጉንጭዎ ቆዳ አብሮት መንቀሳቀስ አለበት፣ ሄልሜቱ ለብቻው ከዞረ ሰፍቶዎታል። አንድ ጊዜ መሬት የመታ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ምትን የሚውጠው ስፖንጅ መሰል ነገር ተጨምቆ አልቋልና ይቀይሩት።

ከሁሉ በላይ የምለምንዎት ከማሳው ሲመለሱ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት መንገድ እንዲጀምሩ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ከብቱ ወደ ቤት ይገባል፣ ያለ መብራት የሚሄደው ጋሪም መንገድ ላይ ነው። ቡናው ላይ ትንሽ ልጨርስ ብለው ከመሸብዎ ማሳው ላይ ይደሩ።

መልስ 3
የዘገየ ጀማሪ (ቨርጂኒያ)፦

ወንድሜ፣ እኔ 66 ዓመቴ ነው። ሞተር የጀመርኩት በ61 ዓመቴ ነው፤ እርስዎ ያለዎት የወጣትነት ልምድ አልነበረኝም። ስለ ሐዋሳ መንገድ ለመናገር ብቁ ባልሆንም ስለ ዘግይቶ መጀመር ግን የማውቀው አለ።

የመጀመሪያ ስሕተቴ ክብደት ነበር። በጎልማሳነቴ ያማረኝን ግዙፍ ሞተር፣ ሦስት መቶ ኪሎ የሚጠጋውን፣ ገዛሁ። በሦስተኛው ሳምንት ነዳጅ ማደያ ውስጥ እየዞርኩ ሳለ እግሬ የፈሰሰ ዘይት ላይ አዳለጠኝና ሞተሩ ቀስ ብሎ ተኛ፤ ምንም ባይጎዳኝም ሁለት ወጣቶች መጥተው እስኪያነሡልኝ ድረስ ከጎኑ ቆሜ ቀረሁ። ያን ዕለት ማታ ሳስበው፣ ሰው በሌለበት መንገድ ቢሆን ኖሮ ማን ያነሣልኝ ነበር? ሸጬ ሆንዳ ሬብል 500 ገዛሁ፤ ክብደቱ 190 ኪሎ አካባቢ፣ የኮርቻው ከፍታ 69 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ ሁለቱም እግሮቼ ሙሉ በሙሉ መሬት ይረግጣሉ። የጋራዡ ሰው የመከሩዎት ሞተሮች ከዚህም በጣም ይቀላሉና በዚህ በኩል ዕድለኛ ነዎት። ቢሆንም ከመግዛትዎ በፊት ሻጩን አስፈቅደው ሞተሩን በዝግታ መሬት ላይ ያስተኙትና ብቻዎን ያንሡት። ካልቻሉ ሌላ ይፈልጉ።

ሁለተኛው ሥልጠና ነው። እዚህ ጀማሪዎች የሚወስዱት ኮርስ አለ፤ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ በትንንሽ ሞተር ሁለት ቀን ያህል መነሣት፣ መቆም፣ መታጠፍና ድንገት ፍሬን መያዝ ብቻ ይደጋገማል። አብረውኝ ከነበሩት ውስጥ በጣም የተቸገሩት ፈጽሞ ነድተው የማያውቁት አልነበሩም፤ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት ነድተው የተመለሱት ነበሩ፣ ምክንያቱም እጃቸው የሚያስታውሰውን ዓይናቸውና ጉልበታቸው አልተከተለውም። እባክዎን ይህን በቁም ነገር ይያዙት። በ1981 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ 900 የሚሆኑ የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄዶ የመረመረው፣ ሃሪ ኸርት የመሩት የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ሲወጣ፣ አደጋ ከደረሰባቸው አሽከርካሪዎች 92 በመቶ የሚሆኑት ራሳቸውን በራሳቸው ያስተማሩ ወይም ከዘመድና ከጓደኛ የተማሩ ሆነው ተገኝተዋል። ያው ጥናት ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር በተፈጠሩ ግጭቶች ከሦስቱ በሁለቱ ገደማ የሌላው ተሽከርካሪ ሹፌር ቅድሚያ ከልክሎ እንደነበር አሳይቷል። አብዛኛው ሹፌር «አላየሁትም» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ስለዚህ ፊት ለፊትዎ ያለው ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማንሣት ድንገት ይቆማል፣ ባጃጁም ሳያይዎት ይታጠፋል ብለው ቆጥረው ይንዱ።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዱ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ይሄዳሉ። አንድ ነገር አይተው እጅዎ ፍሬኑን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅብዎ 25 ሜትር አልፈዋል፣ ሞተሩም ገና መቆም አልጀመረም። በ40 ኪሎ ሜትር ግን 17 ሜትር ብቻ ነው፣ የሚመታዎትም ኃይል ከግማሽ በታች ይወርዳል። እኔ ከወጣትነት ይልቅ ዛሬ የማልተማመነው በዚያች አንድ ተኩል ሴኮንድ ላይ ነው።

ፍሬንን በተመለከተ፣ አስፋልት ላይ ሞተርን የሚያቆመው በዋናነት የፊት ፍሬን ነው፣ ምክንያቱም ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል። በገጠር መንገድ የተማሩ ሰዎች የኋላውን ብቻ መርገጥ ስለለመዱ አስፋልት ላይ ሲደርሱ ማቆሚያ ርቀታቸው በጣም ይረዝማል። አቅምዎ ከፈቀደ ደግሞ ኤቢኤስ ያለው ሞተር ይፈልጉ፤ ጎማው እንዳይቆለፍ ይጠብቃል፣ እዚህ አሜሪካ የተደረገ ጥናትም ኤቢኤስ ያላቸው ሞተሮች ካልተገጠመላቸው ተመሳሳይ ሞዴሎች ይልቅ ገዳይ አደጋቸው በ22 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ሕንድ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ ሞተሮች ሁሉ ኤቢኤስን፣ ለትንንሾቹ ደግሞ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ላይ የሚያዙበትን ጥምር ፍሬን ግዴታ አድርጋለች። ሆኖም ሕጉ በአገሯ ለሚሸጠው ነው፤ ለውጭ ገበያ የተሠራው ላይኖረው ስለሚችል ሻጩ ስለ ነገረዎት ብቻ ሳይሆን በዓይንዎ አይተው ይግዙ።

መልስ 4
ታናሽ ወንድም (አዲስ አበባ)፦

እኔ አይግዙ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴንም ልናገር። ታላቅ ወንድሜ በ61 ዓመቱ በጠራራ ፀሐይ፣ ሄልሜት አድርጎ፣ በቀኝ ጠርዙ ቀስ ብሎ እየነዳ ሳለ ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ገጨው። ምንም ጥፋት አልነበረበትም። በሕይወት ተርፏል፣ ነገር ግን የዳሌ አጥንቱ ተሰብሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ባለቤቱና እኔ እየተፈራረቅን አንሥተነዋል፣ አስቀምጠነዋል። ሲስተር ስለ ጤና፣ የቨርጂኒያው ወንድማችን ስለ ሥልጠና የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ሁሉን በትክክል ያደረገ ሰው ላይ ግን ከኋላው የሚመጣውን የሚወስንለት የለም። ከሐዋሳ ወደ ዲላና ወደ ሞያሌ የሚሄደው ይኸው መንገድ የሲኖትራክና የከባድ ተሳቢ መንገድ ነው። ባለቤትዎ እንቢ ያሉት ስለ ሞተር ስለማያውቁ እንዳይመስልዎት፤ ከወደቁ በኋላ የሚመጣውን ማን እንደሚሸከመው ስለሚያውቁ ነው።

መልስ 5
ቡና ሰብሳቢ (ይርጋለም)፦

ሁላችሁም የጻፋችሁትን አነበብኩ፤ ይህን መንገድ በየሳምንቱ ስለምመላለስበት አንድ ነገር ልጨምር። ጋሼ ችግርዎን ሲነግሩን ሁለት መንገድ ነው የጠቀሱት። አንዱ አርባ ምናምን ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው፤ በእርሱ ላይ ሚኒባስ ሞልቷል፣ ገዳዩም እርሱ ነው። ሁለተኛው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር የጥርጊያ መንገድ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ምንም ነገር የማይገባበት፣ ነገር ግን ከሃያና ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ የማይነዳበት ነው። ሞተሩ የሚያስፈልግዎት ለሁለተኛው ብቻ ሆኖ ሳለ ለምን ስለ መጀመሪያው እንከራከራለን?

ሞተሩን ሐዋሳ አያቁሙት። ይርጋለም ከተማ ውስጥ ዘበኛ ባለው ግቢ ወይም በዘመድ ቤት ያስቀምጡት፤ እኔ ራሴ ለማሳደሪያ በወር ከአንድ ጊዜ የሚኒባስ ደርሶ መልስ እምብዛም የማይበልጥ ነው የምከፍለው። ጠዋት ከሐዋሳ በሚኒባስ ይምጡ፣ ሞተርዎን አስነሥተው ወደ ማሳው ይግቡ፣ ማታ መልሰው አቁመውት በሚኒባስ ይግቡ። እንዲህ ከሆነ ስለ ፍጥነት አይጨነቁም፣ 100 ሲሲ ይበቃዎታል። ብዙ ቀን ሳይነዱ የሚቆዩ ከሆነ የባትሪውን አንዱን ገመድ ይንቀሉት።

የእኛ ቀይ አፈር ሲረጥብ እንደ ሳሙና መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። የቨርጂኒያው ወንድማችን ስለ ፊት ፍሬን ያሉት ለአስፋልት እውነት ነው፤ እርጥብ ጭቃ ላይ፣ በተለይ ኩርባ ላይ፣ የፊት ፍሬን ጠበቅ አድርጎ የያዘ ሰው ግን ሞተሩ ከሥሩ ይሄድበታል። በሁለተኛ ማርሽ፣ ቤንዚኑን ሳይጨምሩና ሳይለቁ፣ ሌላው ሰው በሄደበት ዱካ ቀስ ብሎ ማለፍ ነው። ዝናቡ ሲያቆም አንድ ሰዓት ቁጭ ብለው ቡና ቢጠጡ መንገዱ ግማሹን ይጠጣዋል። በእንጨት የተሠሩት ድልድዮች ላይ ደግሞ ወርደው እየገፉ ይለፉ፤ ወጣቶቹም ቢሆኑ እየወረዱ ነው የሚያልፉት።

የጠያቂው ምላሽ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ
ነባር ያማሃ (ሐዋሳ)፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ያደረግኩትን በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እንደ እኔ ጡረታ በር ላይ ቆሞ ይህን የሚያነብ ሰው ይኖራል።

ዓይኔን ታየሁ። የግራ ዓይኔ ላይ የሞራ ጅማሬ አለ፣ ለቀን እይታ ግን አያሰጋም ተብያለሁ፤ ግላኮማ የለብኝም። የምወስደው አምሎዲፒን ነው፤ ሐኪሜ ተኝቼም ቆሜም ግፊቴን ለክቶ ብዙ ልዩነት እንደሌለው ነግሮኛል፣ መጠኑ በተቀየረ ጊዜ ግን ለሁለት ሳምንት እንዳልነዳ መክሮኛል።

ከዚያ በኋላ ከማሠልጠኛ ተቋም የሞተር ሥልጠና ተመዘገብኩ። የመጀመሪያው ቀን አሳፍሮኛል ማለት ሳይሆን አስተምሮኛል ማለት እፈልጋለሁ። ፍሪሲዮንና ማርሽ እጄና እግሬ ወዲያው አስታወሱ፤ በጠባብ ቦታ ዙሮ መመለስ ሲመጣ ግን አንገቴ እንደ ድሮው ወደ ኋላ አልዞረም፣ ዓይኔም ወደምሄድበት ሳይሆን ወደ ጎማው ወረደ፣ ሁለት ጊዜ እግሬን አወረድኩ። የቨርጂኒያው ወንድሜ ስለ ተመላሾች የጻፉት እኔን አይተው የጻፉት መሰለኝ። ድንገተኛ ፍሬን ስንለማመድም ቀኝ እግሬ ብቻዋን ሠራች፣ የፊቱን ፍሬን ለመያዝ ጣቶቼ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። እነዚያ አሥራ አንድ ዓመታት የኋላ ፍሬን ብቻ አስተምረውኝ ኖሯል።

ታናሽ ወንድም ያሉትን ለባለቤቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እኔም ያልኩት ይኼንኑ ነው» አለች። ቀጥዬ የቡና ሰብሳቢውን መልስ አነበብኩላት፤ ለዚህኛው ረጅም ጊዜ መልስ አልሰጠችም፣ በማግስቱ ጠዋት ግን ይርጋለም ያሉት አክስቷ ግቢ ውስጥ ዝናብ የማይገባበት መጋዘን እንዳለ ራሷ ነገረችኝ።

ስለዚህ በአስፋልቱ ላይ ሞተር አልነዳም። ትናንት ከጋራዡ ሰው ጋር ሄደን ሦስት ሞተር አየን፤ አንደኛው ሞቆ ጠበቀን፣ የሁለተኛው ሻንሲ ከኋላ ሲታይ ጠማማ ነበር። ሦስተኛው 100 ሲሲ ቦክሰር ሲሆን ቀዝቅዞ ተነሣ፣ ጭስ የለውም፣ ሣር ላይ አስተኝቼው ብቻዬን አነሣሁት፤ ጉልበቴ ትንሽ ቢጮህም ተነሣ። የኋላ ጎማው በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረተ ስለሆነ ዋጋውን አስቀንሰናል። ሰኞ ሰነዶች ማረጋገጫ እንቀጣጠራለን። አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ ባለቤቴ አንዳንድ ቀን አብራኝ ወደ ማሳው መምጣት ትፈልጋለችና፣ በዚያ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ላይ ከኋላዬ ከማስቀመጤ በፊት ብቻዬን ለምን ያህል ጊዜ ልለማመድ ትላላችሁ?